ስልሳ ሺህ የጎደለው ትዕዛዝ

ዋለልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኩባንያ ቦንድ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው በጉሮሮው ነው። ስልኩን ያነሳል፣ ደኅንነት ይጠይቃል፣ ዋጋ ይጠራል፣ «ጨርሰናል» ይላል። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ መመለስ የለም። ኩባንያዎች ሲበደሩ የሚሰጡትን ወረቀት ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉት እንዲህ ነበር። ዋለልኝ ደግሞ ማንም ያልጻፈለት አንዲት የራሱ ደንብ ነበረችው። የሚሸጠው ነገር ጤና እንደሌለው ከጠረጠረ፣ ከመጨረሱ በፊት «አይተኸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቁት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቆም ይላሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ገበያ አምልጦታል፤ ስልኩ ግን መጥራት አቋርጦ አያውቅም።

ከዚያ ስክሪኑ መጣ። ስክሪኑ ላይ ስም የለም። ሻጭ መጠኑን ያስገባል፣ ማሽኑ በገዢና በሻጭ ዋጋ መሃል ላይ ይቆርጣል፣ የፈለገ ይጫናል፣ አለቀ። ገበያው የሚከፈተው በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ነው። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ አይታወቅም፤ ጭራሽ ይህንኑ እንደ ትልቅ ነገር ያስተዋውቁታል። «እንዴት አደርክ» የሚባልበት ቦታ እንኳ የሌለው ነገር ላይ «አይተኸዋል?» ከየት ይመጣል። ታክስ ሸሽቶ ከካሊፎርኒያ ላስ ቬጋስ በገባው፣ ዋለልኝ በሚሠራበት ትንሽ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ነጋዴዎች ነበሩ። ስክሪኑ በገባ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ዋለልኝ ነው።

አንድ ሰኞ ማለዳ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን አለቃው መጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መሥሪያ ቤቱ በእጁ የያዘው የአንድ ሆቴልና ካዚኖ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ቦንድ እስከ ዓርብ መሸጥ አለበት አለው። ካልተሸጠ የዋለልኝን ዴስክ፣ ሥራውን ማለት ነው፣ ለማሽኑ ያስረክቡታል። ይህን ሲናገር ፈገግ ይል ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ሲያባርሩህም ጥርሳቸውን አይከድኑም። ዋለልኝ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሮድስ ራንች ሰፈር ያለው ቤቱ ገና የስምንት ዓመት ዕዳ ይቀረዋል። ከዚህ በኋላ ሥራ ፍለጋ ቢወጣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ሰኞና ማክሰኞ ቦንዱን ስክሪኑ ላይ ቢያወጣም የነካው አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት ባለቤቱን ዕንቁን ከሥራ ሊወስዳት ሄደ። ዕንቁ የዚያው ሆቴል ክፍል ጽዳት፣ ሃውስኪፒንግ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። መኪናው ውስጥ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች የሆነውን ነገረችው። ሦስት ፎቅ ተዘግቷል። አልጋዎቹን ገፈው ፍራሾቹን ግድግዳ አስደግፈዋቸዋል። ኦቨርታይም ቆሟል፤ ለውጭ ሰው እንዳታወሩ ተብለዋል። እሷ የተጨነቀችው ለሺፍቷ ነበር። አይዞሽ ሊላት ይገባ ነበር፤ ባሏ አይደለም እንዴ? እሱ ግን እስከ ቤት ድረስ መሪውን ይዞ ስለ ስድስት ሚሊዮኑ ብቻ አሰበ። ከውስጥ በሰማው ወሬ መሸጥን ሕጉ ይፈቅዳል አይፈቅድም የሚለው እንኳ በሐሳቡ አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት የሚሸጠውን ለሁለት ከፍሎ አስገባ። ድፍን ቁጥር ማስገባት አይወድም፤ ድፍን ቁጥር የጨነቀው ሰው መኖሩን ያሳብቃል ይላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሦስት ሚሊዮን ላይ ሁልጊዜ ስልሳ ሺህ ይቀንሳል። ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ አርባ ሺህ ብሎ ተጫነ። በአራተኛው ደቂቃ አንድ ስም የለሽ ገዢ ጠቅልሎ ወሰደው። ሁለተኛውን ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ አርባ ሺህ አወጣ። እሱንም ያው ገዢ ይሁን ሌላ፣ ወዲያው አነሳው። የቀረችው ፍርፋሪ ነበረች።

ደስ አለው። ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ብቻውን ሳቀ። የገዛው ሰው ማን ይሆን ብሎ አልጠየቀም፤ ኒውዮርክ ያለ ማሽን ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ማሽን ደግሞ ልጆች የሉትም። አለቃው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዴስኩ እንደማይነካ ነገረው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሆቴሉ ሊዘጋ መሆኑን፣ የቦንዱን ወለድም እንደማይከፍል አስታወቀ። በዶላር ሰማንያ ስምንት ሳንቲም የተሸጠው ወረቀት ሠላሳ አንድ ገባ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንድማችን ስምዖን ሥራውን ስላጣ በጸሎት አስቡት ተባለ። ዋለልኝ ከሁሉም አስበልጦ አሜን አለ።

ስምዖንን ለቦንድ ንግድ ያበቃው ዋለልኝ ነው። ልጁ በዲቪ መጥቶ አንድ ካዚኖ በር ላይ መኪና ፓርክ ሲያደርግ አገኘው፤ አጠገቡ አስቀምጦ ስልክ አያያዝ አስተማረው፣ በኋላም ሌላ መሥሪያ ቤት በደህና ደመወዝ ሲወስደው መርቆ ሸኘው።

ቅዳሜ ስምዖን ዋለልኝ ቤት መጣ። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ሳሎን ተቀምጦ የሚስቱን ማርገዝ፣ ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር የገዙትን ቤት ለሽያጭ ማውጣታቸውን አወራ። ዋለልኝ በዓለም ላይ ያለውን አይዞህ ሁሉ ደረደረለት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ቅር እንዳይልዎት» አለ ስምዖን። «ያንን የተባረርኩበትን የሆቴል ቦንድ የገዛሁት ከእርስዎ ነው።»

ዋለልኝ ስም እንደማይታይ ሊያስረዳው ሞከረ።

«አጠገብዎ ሆኜ እንደማውቀው፣ ስልሳ ሺህ ጎድሎ ሁለት ጊዜ ሲወጣ እርስዎ መሆንዎን አወቅሁ። ዴስክዎን ሊዘጉት ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ጋሼ ጭንቅ ላይ ናቸው ብዬ ነው የገዛሁት። ለአለቃዬ ወድጄው ነው አልኩት። እርስዎም አላወቁም ነበር፤ አይደል?»

ዋለልኝ አሁን ቢናገር ልጁ ይሄዳል፤ ባይናገር ቢያንስ ጋሼ እያለው ይኖራል። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ከየት አውቄ?» አለ።

ዕንቁ ሻይ ይዛ የገባችው ይኼኔ ነው። ስምዖን ብድግ ብሎ ትሪውን ተቀበላት፣ ስለ ሥራዋም ጠየቃት።

«አራት ሳምንት ሰጥተውናል» አለች። «ድሮም ፎቆቹን ሲዘጉ አውቄው ነበር። ለሱም ያኔውኑ መኪና ውስጥ ነግሬዋለሁ። ረቡዕ ነበር አይደል ዋለልኝ? በማግስቱ እኮ ነው ዴስኬ ተረፈ ብለህ ኬክ ይዘህ የመጣኸው።»

ዋለልኝ ምንጣፉን አየ። ዕንቁ ነገሩ ስላልገባት ለስምዖን ስኳር ጨመረችለት። ስምዖን ሻዩን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣው፣ እግዜር ይስጥልኝ አላት፣ ጃኬቱን አነሳ። ዋለልኝ እስከ በር ተከተለው።

«በስልክ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር?»

«እነግርህ ነበር። በእናቴ።»

«አውቃለሁ» አለ ስምዖን። «እኔም ስክሪኑ ላይ እርስዎን ሳይ፣ ስልክ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነው።»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዋለልኝ ሦስት ጊዜ ደወለለት፤ አላነሳም። ዕንቁ ነገሩን አንድ በአንድ አስነገረችው፤ ሲጨርስ ሰማሁ አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት አለቃው የሌላ ኩባንያ ቦንድ፣ ሦስት ሚሊዮን፣ እንዲሸጥ አዘዘው። ዋለልኝ ስክሪኑን ከፈተ። ጣቱ እንደ ልማዱ ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ አርባ ሺህ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን ሲያየው ቆየ፤ ይህችን ቁጥር አይቶ ማንነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ። አጠፋውና ሦስት ሚሊዮን ብሎ ጻፈ፣ ከዚያም ተጫነ።