የታማሚ ማዳበሪያ

ከቆሻሻ መጣያው በር ወደ ውስጥ እንደገቡ ድሮ መብራት የነበረው የብረት ምሰሶ ቆሟል። አምፖሉም ሽቦውም ከተወሰደ ቆይቷል። የቀረው መንጠቆው ነው። ከቆሻሻ ለቃሚዎቹ አንዱ ሲታመም ቤተሰቡ ባዶ የመልቀሚያ ማዳበሪያውን አምጥቶ እዚያ መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። ማንም ምንም አይናገርም። ከሥራ የሚወጣ ሁሉ ሲያልፍ ከራሱ ሸክም አንድ የውሃ ፕላስቲክ ወይም አንድ ጣሳ ይጥልበታል፤ የተጣላ እንኳ ፊቱን አዙሮ ይጥላል። ማውረድ ግን የታማሚው ድርሻ ነው። በእግሩ መጥቶ ካወረደው ዳነ ይባላል፤ የተጠራቀመውንም ሸጦ ይቋቋምበታል።

ስለዚህ ምሰሶ ዳኛዋ አንድ ጊዜ ተጠይቃ ነበር፤ በአዳራሽ፣ በሰው ፊት።

ዳኛዋ የሚሏት ክምሩ ላይ ጠብ ሲነሳ የምትገላግለው እሷ ስለሆነች ነው። መኪናው ቆሻሻ ደፍቶ ሁለት ሰው አንድ ብረት ከያዘ "ዳኛዋ ትምጣ" ይባላል። ለቃሚዎቹን ማኅበር ልታደራጅ የተላከችው መነጽራም ወጣትም መጀመሪያ የመጣችው ወደ እሷ ነበር። ዳኛዋ ቤት ለቤት ዞራ ሰዉን ያሳመነችው በአንድ ቃል ነው፤ "ከእንግዲህ ሌባ ብሎ የሚያባርረን የለም።"

ያልተዋጠላት እህቷ ብቻ ናት። ሁለቱ አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ እህቷ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

"ቆሻሻ ማኅበር ሲገባ ሽታው ይቀራል ብለሽ ነው?" አለቻት።

"ሽታው ይቀራል አላልኩም። ዱላው ይቀራል።"

በምሥረታው ቀን ዳኛዋ ፀጉሯን ታጥባ፣ የእህቷን ጫማ ተውሳ ከፊት ተቀመጠች። ከጎኗ ዕቃቸውን የሚገዛው ፋብሪካ የላከው ሰው ነበር። ከሸሚዙ የሳሙና ሽታ ይመጣል። ዳኛዋ ክንዷን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

"ሰው ሲታመምባችሁ እንዴት ነው የምትረዳዱት?" አለች አደራጇ። "ልማድ ካላችሁ ደንቡ ውስጥ እናስገባዋለን።"

ሁሉም ወደ ዳኛዋ ዞረ። ምሰሶው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሸሚዝ አጠገብ ሆና ስታስበው ግን የተሰቀለው ማዳበሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋ እጅ መሰላት።

"እኛ ሠራተኞች ነን፤ ለማኝ አይደለንም" አለች። "ሁሉም ራሱን ይችላል።"

ባለሸሚዙ አጨበጨበ። ሰዉም ተከተለ። ጠርሙስ ክዳን ብቻ የሚለቅሙት ሽማግሌ፣ አባባ ቆርኪ፣ ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ አላጨበጨቡም። ቀጥሎ፣ የሚሸጥ ዕቃ በለቀመው ሰው ስም በማኅበሩ ሚዛን ሳያልፍ ከግቢ አይወጣም የሚለው አንቀጽ ለድምፅ ቀረበ። ዳኛዋ ቀድማ እጇን አወጣች።

መጀመሪያ ላይ ደግ ነበር። ባጅ አንገታቸው ላይ ገባ፤ ጓንት መጣ። ያባርራቸው የነበረው ፖሊስ ሲያልፍ ሰላም ማለት ጀመረ። ቦት ጫማም መጣ፤ ግን ሁሉም አንድ ቁጥር፣ የግዙፍ ወንድ እግር ልክ። "በአንዱ ጫማ ሁለታችን እንገባለን" እየተባባሉ ሳቁ፤ ልኩ የሆነለት ጉልቤ ብቻ አጠለቀው። ጉልቤ የበሩ ጠባቂ ሆኖ ተመድቧል። ሳንባውን ታሞ ከርሞ ሲነሳ ከዚያ ምሰሶ ባወረደው የተቋቋመ ልጅ ነው።

ዳኛዋ በድሮ ሸራ ጫማዋ ክምሩ ላይ ስትሠራ የተሰበረ ጠርሙስ ተረከዟን ሰነጠቀው። ቁስሉ አመረቀዘ፣ እግሯ አበጠ፣ ፍራሽ ላይ ዋለች።

አደራጇ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል እህቷ "ግቢ፣ ምንጣፍ የለንም" አለቻት።

"ማኅበሩ ለታመመ ሰው ምን አለው?" አለች ዳኛዋ።

አደራጇ መነጽሯን አወለቀች። "ደንቡ ላይ የለም፣ እትዬ። ያኔ ጠይቄዎት ነበር እኮ። በሚቀጥለው ጉባኤ አቀርበዋለሁ። እስከዚያ ግን ያልሠራ ሰው…" አልጨረሰችውም።

"አውቃለሁ" አለች ዳኛዋ። "ራሱን ይችላል።"

ልጅቷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ክፉ ብትሆን ለመርገም ይቀል ነበር።

እህቷ ብርቱካን እየላጠች "ማዳበሪያሽ የት ነው፣ ፕሬዚዳንት?" አለች።

"ተይው።"

"ለምን?"

"ለማኝ አይደለንም ብያለሁ። በሰው ፊት።"

"ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም" አለች እህቷ። "ሆድ ግን ያውቃል።" ማዳበሪያውን ከፍራሹ ሥር ጎትታ ይዛ ወጣች።

ዳኛዋ ቀኑን ጣሪያ እያየች ገፋችው። ያስጨነቃት እግሯ አልነበረም። ማን ይጥልልኛል? ዕቃው ሁሉ ወደ ሚዛን ነው፤ በሩ ላይ ጉልቤ አለ፤ ለደንቡ ቀድማ እጅ ያወጣችው ራሷ ናት። ማዳበሪያው ባዶውን ነፋስ ሲያወዛውዘው ይታያታል። ክምሩ ላይ የኖረችበት ዕድሜ ሁሉ እዚያ የተሰቀለ ይመስላታል።

አንድ ቀን እህቷ ከሥራ እንደገባች፣ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ፣ "ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት" አለች። "እስከ አፉ ሞልቷል።"

"አትቀልጂብኝ።"

"የእናታችን አጥንት ይውጋኝ።"

ዳኛዋ ግድግዳ ይዛ ተነሳች። በማግስቱ የመጥረጊያ እንጨት ተደግፋ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። ጉባኤው ላይ ትቆማለች። ተሳስቼ ነበር፣ ምሰሶው ደንብ ውስጥ ይግባልን ትላለች።

ማዳበሪያው ከሩቅ ታየ፤ ሆዱን ነፍቶ። ለቃሚዎቹ ሚዛኑ ጋ ተሰልፈዋል። እንጨቷን አስደገፈች፣ እግሯን አንፈራጠጠች፣ ማዳበሪያውን አቅፋ ከባድ ሸክም እንደሚገፋ ሰው ወደ ላይ ገፋችው።

"ዳነች" አለች ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ እንደ ልማዱ።

ማዳበሪያው ከመንጠቆው ዘሎ ወጣና ሊጥላት ነበር። ክብደት አልነበረውም።

አፉን ከፈተች። ፌስታል ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ የተቀዳደደ ፌስታል፤ ሚዛን የማይቀበለው፣ ከክምሩ ላይ ነፋስ ብቻ የሚለቅመው። አንዳንዱ ተራግፎ በጥንቃቄ ታጥፏል።

ቀና ስትል አባባ ቆርኪ ከሰልፉ ወጥተው አጠገቧ ቆመዋል።

"ሚዛን የማይፈልገው እሱን ብቻ ነው፣ ልጄ" አሉ ዝቅ ብለው። "እጃችን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ እምቢ አለን።"

በሩ ላይ ጉልቤ ክንዱን ዘረጋ። ፊቷን አላየም። "ፍተሻ ነው፣ እትዬ።" እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አገላበጠ። አንድ ጣሳ እንኳ ቢያገኝ የሚመኝ ይመስል ብዙ ቆየ።

"ፌስታል ነው" አለ። "እለፊ።"

ሰልፉ ከኋላዋ እንደሚያያት ታውቃለች። ማዳበሪያውን ጀርባዋ ላይ አወጣችው። ከዚያ ወገቧን አጎበጠች፣ አንገቷን ወደፊት ሰበቀች፣ ጥቂት ተራምዳ ቆም ብላ ትንፋሽ ሰበሰበች።

"ከበደኝ እኮ" አለች እንዲሰሟት አድርጋ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ከመታጠፊያው ወዲያ የሚያያት ሰው አልነበረም። እዚያም ቀና አላለችም።