እማማ ጽዳት ያስመጠጡት ጉድጓድ

ጎረቤቶቹ «እማማ ጽዳት» ይሏቸዋል። ዶሮዎቻቸው እንኳ ግቢ ከመግባታቸው በፊት እግራቸውን ይጠርጋሉ ይባላል። ይህን በዓይኑ ያየ ባይኖርም፣ የተጠራጠረም የለም።

እማማ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቤታቸውን ሸጠው እህታቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው። የመጣው ገዢ ሁሉ አፍርሶ ፎቅ ሊተክል የሚያስብ ነበር። ልትኖርበት የመጣችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት፤ ያውም ሆዷ ገፍቶ፣ አንድ ወር ቀርቷት። እማማን አንጀታቸውን በላቻቸው።

«ከመፈራረማችን በፊት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይመርመርልኝ» ስትል ግን የሚገቡበት ጠፋቸው። ባዕድ ሰው መጥቶ እሱን ሊያይባቸው! በምርመራው ዋዜማ የፍሳሽ መኪና ጠርተው አስመጠጡት። አልበቃቸውም፤ በሳሙና አሳጠቡት።

መርማሪው ክዳኑን አንስቶ በባትሪ አየና አፉን ያዘ።

«ሃያ ዓመት ስሠራ ሳሙና ሳሙና የሚል ጉድጓድ ገጥሞኝ አያውቅም። ምሳ ይበላበታል እኮ!»

እማማ ኮራ አሉ። እሱ ግን ወደ ነርሷ ዞረ።

«ተጠንቀቂ፣ እህቴ። ከምርመራ በፊት የሚያስመጥጡት የጉድጓዳቸው ግድግዳ ፍሳሽ የሚያሰርግባቸው ሰዎች ናቸው፤ ባዶ ጉድጓድ ማፍሰሱ አይታወቅም።»

ነርሷ ፊቷ ተለዋውጦ ቦርሳዋን አነሳች።

«ኧረ ልጄ፣ አፍሬ ነው!» አሉ እማማ ክንዷን ይዘው። «እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም?»

መርማሪው ሳቅ አመለጠው። «እሺ፣ በውኃ እንሞላዋለን። ልኩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እስከ ነገ ጠዋት ካልጎደለ አያሰርግም ማለት ነው። እስከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ውኃም ቢሆን ጠብታ እንዳይገባበት፣ እማማ! የታጠበ ብርጭቆ እንዳላይ!»

እማማ ያን ቀን ሳህን ሳያጥቡ ዋሉ። ወሬው ተሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ያልታጠበውን ሳህን ሊያይ ተሰለፈ፤ አንዲት ጎረቤት እንደውም «ታመሙ እንዴ?» ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

በማግስቱ መርማሪው ምልክቱን ሊያይ ጎንበስ ሲል እማማ በትከሻው ላይ አጮልቀው አዩ። ነርሷም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ንቅንቅ አላለም!» አለ።

«ስለዚህ... አሁን ሽንት ቤቱን መጠቀም ይቻላል?» አለች ነርሷ እግሯን እያፈራረቀች። «ሁለት አውቶቡስ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ታስፈቅጅኛለሽ? በገዛ ቤትሽ! ሩጪ!» አሉ እማማ። ወዲያው ሆዷ ትዝ ብሏቸው፣ «ኧረ አትሩጪ! ቀስ!» እያሉ ንጹሕ ፎጣ ይዘው ተከተሏት።