የአልጣሽ ካባ

ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ጋሽ ሳላሕ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው ሌላውን ወደ ላይ አነሱና ጮኹ።

"ልጄን ምን አደረግሽብኝ? ተናገሪ፣ አልጣሽ!"

ከኋላ የተቀመጠችው ሃኒ ደንግጣ ካባው ያለበትን ፌስታል ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ጋሽ ሳላሕ ግን በመስታወቱ እያዩዋት ይስቃሉ።

"አቦ፣ መልሺልኝ እንጂ! እዚህ ጋ ተንበርክከሽ አይደል የምታለቅሺው? ልጄ ኢክራን ለተዋናይ ምርጫው ስትዘጋጅ እኔን አባትየው አድርጋ ስታለማምደኝ ነው የከረመችው። ወላሂ፣ ሾፌርነቴን ረስቼ ነበር!"

ዛሬ ከሰዓት ከዚራ ሰፈር ባለው አዳራሽ የሚታየው ቴአትር የድሮ ነው። አልጣሽ የምትባል ሴት ጓደኛዋ ላይ ዋሽታ ከቤቷ ታስባርራታለች፤ በመጨረሻም የጓደኛዋ አባት እግር ስር ወድቃ ትናዘዛለች። አልጣሽን የምትጫወተው ሃኒ ናት። የክፍሏ ልጆች "ለክፋት የተሠራ ፊት" እያሉ ሲያሾፉባት ምላሷን ታወጣላቸው ነበር። ዛሬ ግን ምላሷም ደርቋል።

"ጋሽ ሳላሕ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል።"

"ዛሬ? ይሄ ሁሉ ሰው ሊያይሽ መጥቶ? ግቢ ብቻ፣ እኔ ውሃና ሎሚ ይዤልሽ እመጣለሁ። አንቺም ልጄ ነሽ።" መሪውን ወደ ከዚራ አዞሩ። "ኢክራን ግን አሳዘነችኝ። ከደንጊ ትኩሳቱ ተሽሏት ስትነሳ፣ 'አባ፣ ቲቸር አልመረጠኝም' ብላ የቴአትሩን ደብተር ፍራሽ ስር ከተተችው። ምን እንዳጠፋች እስካሁን አልገባኝም።"

ሃኒ ግን ገብቷታል። ኢክራን ታማ በቀረችበት ቀን ቲቸር ኒቆዲሞስ ሃኒን ጠርቶ፣ "አልጣሽን ለኢክራን ሰጥቻታለሁ፣ ጎረቤትሽ አይደለች? ንገሪያት" ብሏት ነበር። ሃኒ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ፣ "ቲቸር፣ አባቷ እኮ መድረክ ላይ እንድትወጣ አይፈቅዱም" አለችው። እሱም ራሱን ነቅንቆ፣ "ይሄንኑ ፈርቼ ነበር" አለ። በቃ፣ አለቀ፤ አልጣሽ ለሃኒ ተሰጠች። ሄዶ ሰውየውን አልጠየቀም። ልጅቷን እንዳያሳፍራት ብሎ እሷም ፊት አላነሳውም። ሃኒ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ብዙ ዋሽታለች፤ እንዲህ በቀላሉ የታመነላት ውሸት ግን አልነበራትም።

አዳራሹ ውስጥ ኢክራን ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሥራዋ ቃል ለጠፋው ተዋናይ በሹክሹክታ ማቀበል ነው። ጽሑፉን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ ገልጣው አታውቅም፤ ሁሉም በቃሏ ነው።

"መጣሽ፣ የኔ ክፉ?" ብላ ሳቀችና ካባውን አልብሳት ቁልፉን ትቆልፍላት ጀመር።

ሃኒ መላውን በመንገድ ላይ ጨርሳዋለች። አሞኛል ትላለች፣ ኢክራን ትተካታለች፣ ነገሩ ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል። እንዲያውም ደግ ትባላለች።

"ቲቸር፣ ድምፄ ተዘግቷል" አለች እየሳለች። "ኢክራን ትተካኝ። ሁሉንም ታውቀዋለች።"

ኒቆዲሞስ ኢክራንን አየና ዓይኑን ሰበረ። "ኢክራንማ... አባቷ ከከለከሏት እኔ ምን ላድርግ? በይ ከክፍልሽ ልጆች እፀገነትን ጥሪልኝ። እያነበበችም ቢሆን ትጫወተው።"

የኢክራን ጣቶች ቁልፉ ላይ ቀጥ አሉ።

"አባቴ? አባቴ ምን ብሎ ከለከለኝ?"

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ሳላሕ የውሃ ላስቲክና ሁለት ሎሚ ይዘው በጎን በር ብቅ አሉ። ተዋንያኑ መሃል መግባት አፍረው ደፉ ላይ ቆሙ፤ ሎሚዎቹንም ከሩቅ ለሃኒ አሳዩአት።

ሃኒ አሁንም ማሳል ትችል ነበር። እፀገነት ትጫወታለች፣ ቲቸርም የከለከሉት አባት እኚህ ናቸው ብሎ በጎሪጥ እያያቸው ቀኑ ይመሻል። እሳቸው ደግሞ ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ሎሚያቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ካባውን ከትከሻዋ አወለቀችና ኢክራን ክንድ ላይ አኖረችው።

"አላመመኝም" አለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ወደ በሩ ዞረች።

"ጋሽ ሳላሕ፣ ይግቡ። ባጃጁ ውስጥ 'ልጄን ምን አደረግሽብኝ?' ብለው የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም።"