የከበሮ መቺው ቀኝ ጆሮ

ሰባት ባንድ! እናንተዬ፣ ሰው ሰባት ጊዜ ቤት ቢቀይር እንኳ ጎረቤት ያማዋል። እሱ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰባት ባንድ ሲቀያይር ከአንዱም ተጣልቶ አልወጣም። ከበሮ መቺያቸው ታመመ፣ ኮበለለ፣ ወይም ከዘፋኙ ጋር ተቧቀሰ ሲባል መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ሙዚቀኞቹ «ትርፍ ጎማ» የሚል ስም አወጡለት። ፊታቸው ላይ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ይከነክነዋል።

የመጀመሪያው የሰፈር ጓደኞቹ ያቋቋሙት የሮክ ባንድ ነበር፤ ከጩኸት በቀር ምንም አልነበረውም። ሁለተኛው ውስጥ ፀጉራቸውን እስከ ወገባቸው ያስረዘሙ ሰዎች ልብ የሚያፈርስ ፈጣን ሮክ ይጫወቱ ነበር፤ የትልቁን ከበሮ ሁለት ፔዳል በሁለት እግር መርገጥን የተማረው እዚያ ነው። ሦስተኛው ዝግ ያለ ነገር ስለሚወድ አንዴ መትቶ እስኪደግም እንቅልፍ ሊወስደው ይደርሳል። አራተኛው በሆቴል አዳራሽ ለተመጋቢ የሚጫወት ነበር፤ ከማንኪያ ድምፅ በላይ መምታት ክልክል ነው። የአምስተኛው ዘፈኖች ደግሞ ከማጠራቸው የተነሳ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ያልቃሉ። ስድስተኛው ውስጥ የማይነጋገሩ ሦስት ጊታሪስቶች ነበሩ፤ ሦስቱም የሚሰዳደቡት በእሱ በኩል ነው።

ከሁሉም ጋር ተስማማ። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? መከተል ያውቅበታል። አዲስ ባንድ ሲገባ «እዚህ ቤት ዘፈኑን የያዘው ማነው?» ብሎ ይፈልጋል። ሰውየውን ካገኘ በቃ፤ አንዱ ጋ የዘፋኙን ትከሻ፣ ሌላው ጋ የጊታሪስቱን አገጭ እያየ ይመታል። በስድስቱም ባንዶች ፎቶ ላይ ግን የለም። እሱ ሲደርስ ፎቶው ተነስቶ፣ ፖስተሩ ታትሞ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያገኘው።

ከዚያ ቀኝ ጆሮው ሄደ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ፉጨት ነበር፣ ቀጥሎ ጥጥ የተወተፈበት መሰለው፣ በመጨረሻ ጭራሹን ዝም አለ። መስማት የተሳነውን ከበሮ መቺ ማን ይጠራዋል? ለሚስቱ ብቻ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ከመነጽሯ በላይ አየችውና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ» አለችው።

«እሄዳለሁ» አላት። አልሄደም። የሐኪሙ ወረቀት እጁ ከገባ ነገሩ እውነት ሊሆን ነዋ!

ሰባተኛው ባንድ የጠራው በዚህ ጭንቅ መሃል ነው። አለቃቸው ሊድ ጊታር የሚጫወት፣ ዘፈን በተጀመረ ቁጥር የስልኩን ሰዓት ከፍቶ ርዝመቱን የሚለካ፣ ጥርት ያለ ነገር የሚወድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ከሦስት ወር በኋላ ኮንሰርት አለን፤ እስከዚያ እንተያይ» አለው። «ከተግባባን ቋሚ አባል ነህ። ፖስተሩም ካንተ ጋር እንደ አዲስ ይታተማል።» የዚያን ቀን ቤቱ እስኪደርስ እግሩ መሬት አልነካም። ማታ ግን ፍርሃቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ወር ልምምድ በሄደ ቁጥር አብሮት ይሄዳል።

የሚለማመዱት የቤት ዕቃ መጋዘን ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶንና አሮጌ ምንጣፍ ተለጥፏል፤ አንዲት ማራገቢያ ከመዞር ይልቅ ታጉረመርማለች። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ልጅ ከነስፒከሯ በቀኙ ትቆማለች። በቀኙ! የጊታሯ ድምፅ ወደ ሞተው ጆሮ ነው የሚሄደው። ነገር ግን ስትጫወት በግራ ተረከዟ ወለሉን ትመታለች። እሱም የለመደውን አደረገ፤ ዓይኑን ተረከዟ ላይ ተክሎ መምታት ጀመረ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ለኮንሰርቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አለቃው ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አደረገ።

«አራት ደቂቃ ከሃያ ስምንት! ስቱዲዮ ስንቀዳው አራት ከአሥር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ይኸው ነው፤ ጀምረን ሳንጨርሰው ይዘቅጣል። ዘፈን ነው ወይስ የተነፈሰ ኳስ?» ወደ ቤዝ ተጫዋቿ ዞረ። «እኔና ጋሼ ብዙ አይተናል። በየቀኑ ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ነሽ ወደ ኋላ የምትጎትቺው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ለቅዳሜ ሌላ ሰው አነጋግሬያለሁ።»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «እኔ? ምን በወጣኝ! ዓይኔን ከጋሼ እግር ላይ አንስቼ አላውቅም። ፔዳሉን ሲረግጥ እያየሁ ነው የምጫወተው። እሱ ካልዘገየ እኔ በምን ልዘገይ?»

ወንበሩ ከሥሩ የተነሳ መሰለው። እሷ የእሱን እግር ታያለች፤ እሱ የእሷን ተረከዝ ያያል። በዓይን የሚከተል ሰው ደግሞ በጆሮ ከሚሰማው ትንሽ ይዘገያል። እሱ ትንሽ ሲዘገይ እሷ ትጠብቀዋለች፣ እሷ ስትጠብቀው እሱ ይበልጥ ይዘገያል። ሦስት ወር ሙሉ አንዳቸው ሌላውን ሲጠብቁ ከርመዋል!

አለቃው በቀኙ በኩል መጥቶ አንድ ነገር ተናገረ። አልሰማውም። ዘፋኙ ሳቀና፣ «ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፤ ጠብ ውስጥ መግባት አይፈልግም» አለ።

«አምስት ደቂቃ እንረፍ» አለ እሱ፣ የከበሮ ዱላዎቹን እንደያዘ ተነስቶ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? አዲሱ ቤዝ ተጫዋች ይመጣል፣ የእሱንም አንድ ነገር ፈልጎ ይከተላል፣ ፖስተሩ ይታተማል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲሸነግል በሩ ተከፈተና ልጅቷ ወጣች። ጊታሯን በጀርባዋ አዝላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ደግነቱ በግራው ቆመች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስለማመድ አመሻለሁ። እናቴ ‹አበድሽ እንዴ ልጄ?› እስክትለኝ ድረስ። ብቻዬን ስሆን አልዘገይም። እዚህ ስመጣ ነው የሚጠፋብኝ። አንተ ሠላሳ ዓመት ሠርተሃል። የማልረባ ከሆንኩ ንገረኝና ልተወው።»

ምነው ሌላ ነገር በጠየቀችው! ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

«ነይ» አላት፤ ቀድሟትም ገባ።

መሃል ወለሉ ላይ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዱላዎቹን አጥብቆ ያዘ። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አለ። «ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እሷን ሰምቼያት አላውቅም። ተረከዟን እያየሁ ነው ስመታ የከረምኩት።»

ዘፋኙ፣ «ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ አሉ። እኛንም ይዘውን ሊገቡ ነበር እኮ!» አለ። የሳቀለት ሰው የለም።

ልጅቷ ታመሰግነኛለች ብሎ አልጠበቀም፤ እንዲህ ትቆጣለች ብሎም አላሰበም። «ሦስት ወር!» አለች። «በየቀኑ ፊትህ ስሰደብ ዝም ብለህ ታያለህ?»

«እኔ መሆኔን ያወቅኩት ዛሬ ነው፣ ልጄ።»

«እንደማትሰማ ግን ታውቅ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

አለቃው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ሰኞ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ስለ ቦታህ እንነጋገራለን። ቃል ግን አልገባልህም ጋሼ። ለቅዳሜ ሌላ ከበሮ መቺ ከየት አመጣለሁ?» እጁን ዘረጋ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲባል የሚደወለው ለከበሮ መቺው ራሱ ነበር፤ አሁን ግን ማንም ስልክ አላነሳም።

ልጅቷ ስፒከሯን ከነገመዱ እየጎተተች በከበሮው ጀርባ ዞረች። በግራው፣ ከጆሮው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አቆመችው። ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ገጥማ ቆመች። «እንዳታየኝ» አለችው። «እኔም አላይህም። አንተ ምራ፤ እኔ እሰማሃለሁ።»

ምራ! ሠላሳ ዓመት ሲመታ ይህን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። ዓይኑ እንደ ልማዱ የሚይዘው ነገር ፈለገ። ትከሻ የለ፣ አገጭ የለ። ጨፈነው። ዱላዎቹን ወደ ላይ አነሳ፣ አራት ቆጠረና ገባበት።

ቤዙ በግራ ጆሮው ገባ። ሦስት ወር አብሯት ሲጫወት እንዲህ ወፍራም፣ እንዲህ ንጹሕ መሆኑን አያውቅም ነበር። መሃል ላይ እጁ ሊዘገይ ሲል ተሰማው፤ ፈራ፣ ግን ማንንም አላየም። ዘፈኑን ራሱ ያዘው። ሲጨርሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር።

አለቃው ስልኩን አየ፣ እንደገና አየ። «አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ» አለ። «ከስቱዲዮው የበለጠችው አንዷ ሴኮንድ የማን ናት?»

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ከበሮ መቺው ቀደማት።

«የኔ ናት» አለ።