በበሩ መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት

የዜና ድረ ገጾችን የምንመዝንበት እኛ ቢሮ፣ ነጥብ የሚሰጠው በካርድ ነው። ዜናው የድረ ገጹ ስም ተቆርጦለት፣ በወረቀት ታትሞ ይቀርብልናል። ሦስት ሆነን እናነባለን፦ ቀኝ ዘመሙ ዱዌይን፣ መሃል ላይ ነኝ የምትለው ቲልዳ፣ እና እኔ፣ ግራ ዘመሟ ሮና ፔልኪ። ለየብቻ አጣርተን ስናበቃ ካርዶቻችንን ደፍተን እናስቀምጥና እኩል እንገለብጣለን። አንዱ ቁጥር ለወገንተኝነት፣ አንዱ ለተዓማኒነት፣ ሁለቱም ከአስር።

ኮሌጅ አልገባሁም። ሰነድ ማፈላለግ የተማርኩት ሐይቁ ዳር ዓሣ ስበልት፣ በምሳ ሰዓቴ፣ በስልኬ ነው። ስለዚህ ባለዲግሪ ሲናገር ምንጩን ካላሳየኝ አላምንም፤ ይህን ደግሞ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አለቃችን ወይዘሮ ፕሪንግል የቀጠሩኝ በሦስት ወር ሙከራ ነው። በሙከራው ውስጥ አንድ የተሳሳተ ፍርድ የተገኘበት ይሰናበታል። የእኔ የሚያልቀው ዓርብ ነበር።

ማክሰኞ የኦርቮ ላሂ ደብዳቤ ደረሰ። ኦርቮ ጡረታ የወጣ የማዕድን ሠራተኛ ሲሆን «የሐይቁ ዘብ» የሚባል ቀኝ ዘመም ድረ ገጽ አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት «ሶሻሊስቶቹ ትምህርት ቤታችንን በስውር ገደሉት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የወረዳው የትምህርት ቦርድ አንዱን ትንሽ ትምህርት ቤት በሰኔ ለመዝጋት አምስት ለሁለት ወሰነ ነው ነገሩ። ስሙ ቢቆረጥም ከርዕሱ አውቄው ነበር። የቦርዱን ድረ ገጽ ከፍቼ ተወሰነ ያለበትን ዕለት ቃለ ጉባኤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰጠም። «ሐሰት» ብዬ ለተዓማኒነት ሁለት ሰጠሁት። ዱዌይን ጭራሽ አንድ።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ስድብ ሆኖ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረው፦ «እመቤት፣ የአስር ሰዓቱን አንብቢ።» እኔ ያነበብኩት የምሽት አስራ ሁለት ሰዓቱን ስብሰባ ነው።

ወይዘሮ ፕሪንግል ሽማግሌው ለሁሉም እንደሚጽፍ፣ እንድተወውና ዓርብ የቋሚነቴን ደብዳቤ እንደሚፈርሙልኝ ነገሩኝ። አልተውኩትም። ረቡዕ ጠዋት ከነዳጅ ማደያ የገዛሁትን ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲ ከነወረቀቱ ጎኔ ወንበር ላይ ጥዬ በበረዶ ውስጥ አርባ ማይል ነዳሁ።

የቦርዱ ቢሮ በር መስታወት ላይ አንድ ወረቀት ከውስጥ ተለጥፏል፦ የሚቀጥለው ሳምንት አስቸኳይ ስብሰባ ጥሪ። ፓስቲዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አስቸኳይ ስብሰባ ሲጠራ ማስታወቂያው በር ላይ እንደሚለጠፍ ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። በሩን ግን አይቼው አላውቅም።

ጸሐፊዋ ሄልሚ መሳቢያ ስባ የዚያን ዕለቱን ጥሪና ቃለ ጉባኤ አወጣችልኝ። ስብሰባው በአስር ሰዓት፤ ውሳኔው አምስት ለሁለት። ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው የመደበኛው ስብሰባ ብቻ ነው አለች።

«ከአንቺ በፊት ይህን ያነበበ ኦርቮ ብቻ ነው» አለችኝ። «እበሩ ላይ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ገብቶ ፊት ወንበር ተቀመጠ። ስብሰባው እስኪያልቅ ሲያጉረመርም ነበር፤ ጆሮዬን በላው።»

ሁለቱንም ወረቀት ኮፒ አስደረግኩ።

ዓርብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸውና ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። ዱዌይን አንድ የሰጠው እሱ እንደሆነ አስታውሶ ዝም እንድል በእግሩ ነካኝ።

«አንተ ለወገኑ አደላ እንዳትባል ፈርተህ ነው» አልኩት። «እኔ ደግሞ ሰውዬውን ስለማልወደው የፈለግኩትን ሳገኝ መፈለጌን አቆምኩ። የእኔ ይብሳል።»

«እስቲ አሁን ማን ጠየቀሽ?» አለ፤ ግን ካርድ አነሳ።

እንደገና ገለበጥን። ለተዓማኒነት እኔና ዱዌይን ስድስት፣ ቲልዳ አምስት። ድምፅ መሰጠቱ እውነት ነው፤ «በስውር» ውሸት ነው። ለወገንተኝነት ሦስታችንም ዘጠኝ፤ ይህ ነጥብ ከቀድሞው ንቅንቅ አላለም።

ወይዘሮ ፕሪንግል መነጽራቸውን አውልቀው ደንቡን እንደማውቀው ጠየቁኝ።

«አውቀዋለሁ። ማረሚያውን ሳልጽፍ ግን አልወጣም።»

ድረ ገጻችን ላይ «ሐሰት» የሚለው በተጻፈበት ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ ከነስሜ ጻፍኩት። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ የቋሚነቴን ደብዳቤ ከአቃፊው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

«ሌላ ሦስት ወር ሙከራ» አሉ። «እሱንም ከወደድሽ።»

«ይበቃኛል» አልኳቸው።

ቀጥዬ ኦርቮ ጋ ደወልኩ። የእኔን ማረሚያ አይቶት ስለነበር በድል ድምፅ አነሳው። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«አቶ ላሂ፣ የእኔን አርሜያለሁ። እርስዎ ደግሞ ጥሪውን በር ላይ አንብበው ፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ታዲያ ስውሩ የቱ ጋ ነው?»

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰ፦ «ማን ነው ያስተማረሽ አንቺን?»

«ማንም» አልኩት። «እየጠበቅኩ ነው።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ገጹን ስከፍት «በስውር» ከርዕሱ ወጥቷል፤ ከሥሩም በትንሽ ፊደል እንደታረመ ተጽፏል። «ሶሻሊስቶቹ» እዚያው ናቸው። ለተዓማኒነቱ ግማሽ ነጥብ ጨመርኩለት፤ ዘጠኙን አልነካሁትም።