የማይበሰብስ ጸጉር

1

መረቡ ሲወጣ ጸጉር ነበረበት።

ረጅም፣ ጥቁር፣ የተጎነጎነ ጸጉር። ዓሣ አጥማጁ ሉቃስ መረቡን ለቀቀና ጀልባዋ ውስጥ ዘፍ አለ። የሰመጠች ሴት ያወጣ መስሎት ነበር። አብሮት የነበረው ጓደኛው በመቅዘፊያው ጫፍ ነካ አደረገው። ከጸጉሩ በታች ፊት አልነበረም። አንገትም አልነበረም።

ጸጉር ብቻ።

«አርቴፊሻል ነው ባክህ» አለ ጓደኛው።

ሉቃስ ግን የያዘውን ዓሣ በሙሉ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ደፋው።

2

ሐረገወይን እባላለሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሐይቁን ዳር የሚያጸዳ አንድ የሰፈር ማኅበር አለን፤ የሚጻፍ ነገር ሲገኝ ለእኔ ይሰጠኛል። ሉቃስ ያን ጸጉር በፌስታል ቋጥሮ ስብሰባችን ላይ ሲያመጣው ሰብሳቢያችን ወደ እኔ ዞረች።

«ለሴቶች አንድ ገጽ ጻፊ። አካባቢን ሳይጎዱ ጸጉርን ስለ መንከባከብ።»

ቀላል መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ጀመርኩ፦

መመሪያ

*ጸጉርሽን ቶሎ ቶሎ አትታጠቢ። ከራስሽ የሚወርደው ሻምፖ በቦዩ አድርጎ ሐይቅ ይገባል። ስትታጠቢ ቧንቧውን ከፍተሽ አትተይው፤ በጆግ እየቀዳሽ ተጠቀሚ። የሻምፖው ጠርሙስ ሲያልቅ መልሰሽ አስሞይው። ካስክ ውስጥ ከመግባት በፀሐይ ማድረቅ ይሻላል። አርቴፊሻል ጸጉር*

እዚህ ላይ ቆምኩ። ስለ አርቴፊሻል ጸጉር የማውቀው አልነበረም። ስለዚህ ጸጉሬን ወደምትሠራኝ ወደ እታፈራሁ ሄድኩ።

ምነው ባልሄድኩ፣ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አሁን ግን አላስብም።

3

የእታፈራሁ ጸጉር ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ድሮ አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በአርቴፊሻል ጸጉር የተሸፈነ ነበር፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ወይን ጠጁ። የዚያን ቀን ምስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል።

— ጸጉሮቹ የት ሄዱ?

— ተውኩት።

— ምነው? ራስታ የሚሠሩ ደንበኞችሽስ?

— የራሳቸውን ጸጉር እጎነጉንላቸዋለሁ። ያልፈለገች ሌላ ቤት ትሂድ።

— ላስቲክ ስለሆነ ነው?

— ላስቲክ መሆኑንማ ሁሉም ያውቃል።

ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

— እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷ ናት። የመጨረሻውን ብቻ ራሴ ነበርኩበት። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

4

ስንዱ የእታፈራሁ ታናሽ እህት ነበረች። አለታ ወንዶ እናቷ ዘንድ ሳለች ጸጉሯ ወገቧ ላይ ይወርድ ነበር። እናትየው እትዬ ጌጤነሽ በየሳምንቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ያጥቧታል፣ ያበጥሯታል፣ ይጎነጉኗታል። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያያት ነበር።

ሐዋሳ መጥታ ሥራ ስትይዝ ቆረጠችው። «ከበደኝ» አለች። እናቷ ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በስልክ በተገናኙ ቁጥር፣

«ጸጉርሽስ?» ይላሉ።

«እያደገ ነው እማዬ» ትላለች።

አላደገም። ትከሻዋ ላይ በደረሰ ቁጥር ትቆርጠው ነበር፤ እየሳቀች።

ከዚያ የጓደኛዋ ሠርግ ደረሰና ሚዜ ሆነች። የእህቷ ጸጉር ቤት ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ «ረጅም አድርጊልኝ፣ እንደ ድሮዬ» አለች።

እታፈራሁ ደንበኞቿን አሰናብታ ከሰዓቱን ሙሉ ጎነጎነቻት። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሲያልቅ ስንዱ መስታወቱ ፊት ዞር ስትል ጉንጉኖቹ ተከትለዋት ዞሩ። ራሷን በራሷ ቆም ብላ አየች።

በማግስቱ ወደ ሠርጉ የወሰዳት ባጃጅ

5

ተገለበጠ።

6

ያን ሰሞን ዝናብ ነበር። መንገዱ ተበላሽቶ እናትየውን የያዘው መኪና ዘገየ። ሲደርሱ ስንዱ ተገንዛ፣ ሣጥኑ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ክፈቱልኝ! አንዴ ብቻ ልያት!»

አልተከፈተም። «አይሆንም እትዬ፣ አይዩዋት» እያሉ ያዟቸው። ፊቷን ሳያዩ ቀበሯት።

ጉንጉኑን ማንም አልፈታውም። በዚያ ሰዓት ማን ያስበዋል?

7

መመሪያ

*ከራስሽ የተቆረጠ ጸጉር አፈር ውስጥ ቢገባ ቀስ እያለ አፈር ይሆናል። አርቴፊሻል ጸጉር ግን የላስቲክ ክር ነው። አይበሰብስም።*

ይቺን ዓረፍተ ነገር ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለገጹ እውነት ናት። ለእታፈራሁ ሌላ ነገር ናት። ሰረዝኳት። መልሼ ጻፍኳት።

*አይበሰብስም።*

 

*አይበሰብስም።*

8

ዓመታት አለፉ። እትዬ ጌጤነሽ የአለታ ወንዶ ቤታቸውን ዘግተው ከእታፈራሁ ጋር መኖር ጀመሩ። ስለ ስንዱ ብዙም አይነጋገሩም ነበር።

ከዚያ ስንዱ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሕንጻ ሊያሠራ ሆነና፣ ቦታው ላይ ያረፉት ሰዎች አጽም ወደ ሌላው የግቢው ጥግ እንዲዛወር ለየቤተሰቡ ተነገረ። እናትና ልጅ በጠዋት ሄዱ። ጎረቤቶችም አጀቧቸው።

ቆፋሪዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ሣጥኑ አልቆ ነበር። ከፈኑ አልቆ ነበር። አጥንቶቹ ሳስተው አፈር መስለው ነበር። ከዚያ ወደ ራስጌው የነበረው ሰውዬ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

ጸጉሩ ነበር።

አፈሩ ሲራገፍለት አበራ። አንድ ጉንጉን እንኳ አልተፈታም። ልክ በዚያ ከሰዓት እንደተሠራው፣ መስመሩ ሳይዛነፍ ተኝቷል። እታፈራሁ የገዛ እጇን ሥራ አወቀች።

እትዬ ጌጤነሽ አላወቁም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከኩ።

«ልጄ! ጸጉሯ! እዩት፣ አልበሰበሰም! እያደገ ነው ስትለኝ እውነቷን ነበር!»

አንዲት ጎረቤት እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ቄሱ እልል አላሉም። ጸጉሩን አዩ፣ ከዚያ እታፈራሁን አዩ። እሷም አንገቷን ደፋች። ቄሱ ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

አጥንቱ በአዲሱ ቦታ ዐረፈ። ጸጉሩ ግን በእናቷ ነጠላ ተጠቅልሎ ቤት ገባ።

9

እታፈራሁ እንደነገረችኝ፦

— መጀመሪያ ቀን አጠቡት። የእኔን ሻምፖ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። «የልጄን ጸጉር በዚህ መርዝ? ያደርቀዋል» አሉኝ።

— በምን አጠቡት ታዲያ?

— ገበያ ወርደው የቁርቁራ ቅጠል አመጡ። ወቅጠው፣ ውሃ ውስጥ አሽተው አረፋ አወጡለት። ከዚያ እሬት ቀቡት። ሲደርቅ በተልባ ውሃ አለሰለሱት። ውሃውን እንኳ አይደፉም፤ ጓሮ ያለው ጎመን ላይ ያፈሱታል። ልጆች ሳለን እንደዚያ ነበር የሚያጥቡን። ረስቼው ነበር።

— አልነገርሻቸውም?

— ምን ብዬ?

— እውነቱን።

— አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? «እማዬ፣ ያ የስንዱ ጸጉር አይደለም፤ ከፓኬት አውጥቼ የሰካሁት ነው» ልበል? እየዘፈኑለት እኮ ነው የሚያበጥሩት።

10

ከታጠበ በኋላ ጓሮ የልብስ ገመድ ላይ ያሰጡት ነበር። ንፋስ ሲነሳ ጉንጉኖቹ ይወዛወዛሉ። አጥሩ አጭር ስለሆነ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ጀርባዋን የሰጠች ሴት ያየ ይመስለዋል። የጎረቤት ውሻ ያችን ገመድ እያየ ይጮኽ ነበር።

እታፈራሁ ሥራ ላይ ስትሆንም ጸጉሩ አልለቀቃትም። አርቴፊሻል ጸጉር ከማሸጊያው ባወጣች ቁጥር አፈር አፈር ይሸታታል። የደንበኞቿን ራስ እየጎነጎነች፣ «ይቺም አንድ ቀን ታልቅና ይሄ ይቀራል» ትላለች በልቧ። ካስኩ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው የተደረደሩትን ሴቶች ማየት ከበዳት። አንዷን ትከሻዋን ይዛ ቀሰቀሰቻት። ሴትዮዋ ተኝታ አልነበረም።

ወሬው ግን ይሄድ ነበር። «የማይፈርስ ጸጉር አለ» ተባለ። ሰዎች እየመጡ ይሳለሙታል። አንድ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት የያዛትን ሕፃን ታቅፋ መጣችና፣ ከጸጉሩ አንድ ዘለላ ብቻ እንዲሰጧት ለመነች።

እትዬ ጌጤነሽ መቀስ ፍለጋ ገቡ።

እታፈራሁ ሴትዮዋን በር ላይ አገኘቻት። ክንዷን ይዛ፣ «እህቴ፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት። አሁኑኑ። ነይ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። ባጃጅ ጠራች። እህቷ ከሞተች ጀምሮ ባጃጅ ተሳፍራ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

ሕፃኗ ድናለች። እትዬ ጌጤነሽ ግን መቀሱን እንደያዙ ባዶ በር ላይ ቀሩ፤ ልጃቸው ለምን እንደሮጠች ብዙ አሰቡ።

በማግስቱ እታፈራሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አወረደች።

11

አንባቢዬ፣ የታዘዝኩት ምክር ከዚህ ነው የመጣው። ዛሬ እታፈራሁ ቤት ብትሄጂ በቁርቁራ ታጥብሻለች፣ እሬት ትቀባሻለች፣ ጸጉርሽን ፀሐይ ላይ ታደርቅልሻለች። ያጠበችበትን ውሃ ለጓሮ ታጠራቅመዋለች። ጸጉርሽ ይለሰልሳል፣ ሐይቁም አይጎዳም። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከማን እንደተማረችው ግን አልጻፍኩም። በላስቲክ ጸጉር ላይ ሲሠራ አይታ ነው የተማረችው፤ ምንም በማይጎዳው፣ ምንም በማያለመልመው ጸጉር ላይ።

ገጹን ላስነብባት ይዤው ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ደንበኛ ገና አልመጣም።

12

እያነበብኩላት ሳለ እትዬ ጌጤነሽ ገቡ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። እኔን «ደህና አደርሽ ልጄ» ብለው ወንበሩ ላይ፣ መስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ጥቅልሉን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

እታፈራሁ፦ እማዬ፣ ምነው በሰላም?

እትዬ ጌጤነሽ፦ ውሰጂው።

እታፈራሁ፦ ምኑን?

እትዬ ጌጤነሽ፦ ይሄን። አልቅበረው ነገር አያልቅም። አላቃጥለው ነገር ይከረፋል አሉኝ። አንቺ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ።

እታፈራሁ፦ (እጇን ዘርግታ መለሰችው)

እትዬ ጌጤነሽ፦ የወለድኳትን ልጅ ጸጉር ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? መጀመሪያ ቀን ሳጥበው ነው ያወቅኩት። ውሃ አይጠጣም። የስንዱ ጸጉር ውሃ ይጠጣ ነበር።

እታፈራሁ፦ እማዬ... ታዲያ ለምን?

እትዬ ጌጤነሽ፦ ስትቀበር አልነካኋትም። ምን ልንካ? እሷን የነካ ነገር እሱ ብቻ ነው ያለኝ።

እታፈራሁ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ፣ ጥቅልሉ አጠገብ አስደገፈች። እትዬ ጌጤነሽ እጃቸውን ጸጉሯ ውስጥ አስገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሕያው ሰው ጸጉር እንደነኩ ሁሉ ጣቶቻቸው ቀስ አሉ።

እትዬ ጌጤነሽ፦ ያቺ ሴትዮ ለታመመች ልጇ ስትለምነኝ ግን ፈራሁ። ሰው አታለልኩ። ለእሷም ለቄሱም እነግራቸዋለሁ፤ ያ የእኔ ዕዳ ነው። ካንቺ የምፈልገው ሌላ ነው።

እታፈራሁ፦ ምንድነው እማዬ?

እትዬ ጌጤነሽ፦ እኔ ያልነበርኩበት ያ ከሰዓት። እንዲህ ዓይነት ጉንጉን ቶሎ አያልቅም፣ እኔም ሠርቻለሁ። ሰው ሲጎነጎን ያወራል። እሷ ደግሞ ዝም አትልም ነበር። ምን አለችሽ? ስለ እኔ ያነሳችው ነገር ነበር? የረሳሽውን ተይው። የምታስታውሺውን፣ አንድ በአንድ ንገሪኝ።

እታፈራሁ ቀና ብላ አየቻቸው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

እኔ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። በሩን ከውጭ ገጠምኩት፤ ከዚያ በኋላ የተባለው የእነሱ ነው።

13

እታፈራሁ፦