ፕሮሰሰሩ እስኪነቃ ድረስ

«አይሆንም አልኩሽ። ሼሁ እየተቀዱ ያ ነገርሽ እዚህ ማሽን ላይ አይነሳም።»

«ካልተነሳ ታዲያ በምን ልየው?»

«ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፑን ወስደሽ ስታዪው አልከረምሽም እንዴ? ምን አገኘሽ?»

«ምንም።»

«በቃ እንግዲህ።»

«ምንም ያላገኘሁት ያኔ ማንም ስላልተቀዳ ይሆናል እያልኩህ ነው፣ ሲራክ።»

«የሚሮጥን ሰው ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የሚያመው ሲሮጥ ብቻ ከሆነስ? ተኝቶ ባዳምጠው ምን ይነግረኛል?»

ሲራክ የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ በጣቱ ይቆነጥር ጀመር። ስቱዲዮው ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ጀርባ የምትገኝ አንድ ክፍል ናት፤ ስፖንጁም የቆየ ፍራሽ ነው። እሱና ኢሕሳን ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። እሱ ወደ ድምፅ ቀረጻ ሄደ፣ እሷ ኮድ ስትጽፍ ቀረች። ሲጣሉ የመጀመሪያቸው አይደለም። ዛሬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጣሉት፤ የኢሕሳን አባት ሼህ ጀብሪል ማይኩ ፊት ተቀምጠው ማር የገባበት ሙቅ ውሃ ይጠጣሉ።

ሼህ ጀብሪል መርሳና በዙሪያው ባሉት የሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች መንዙማ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገ ጠዋት ደሴ ላይ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም። ድምፅዎ ሊመለስ ይችላል፣ ሌላ ድምፅ ሆኖም ሊመለስ ይችላል ብሏቸዋል፤ እስከዚያውም እንዳይጮሁ አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸው ግን ራሳቸው የገጠሙትን አንዱን መንዙማ ሳላስቀዳ ቢላዋ አይነካኝም ብለው መጡ።

ከዚህ በፊት ሁለቴ ሞክረው ሁለቴም ቀረጻው ተበላሽቷል። መሀል ላይ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማና አንዲት ፊደል የምታህል ድምፅ ትጠፋለች። በሁለተኛው ቀረጻ የጠፋችው ከነቢዩ ስም ውስጥ ነበረች። ሲራክ ከሌላ ቦታ ቆርጬ ልለጥፈው ብሎ ነበር። ሼሁ፣ «ስማቸው ተቆርሶ ተለጥፎ አይወጣም» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የማይኩ እንዳልሆነ ኢሕሳን ታውቃለች። ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው በጥቃቅን ቁራሽ ነው። አንዱ ቁራሽ በጊዜው ካልተነሳ ቀጣዩ መጥቶ ይደፋበታል፣ የተደፋበትም ይጠፋል። ቁራሾቹ ተራ የሚጠብቁበትን ማቆያ ቢያሰፉት ደግሞ ሼሁ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት የራሳቸው ድምፅ ቀድሞ ከተቀዳው ድቤ ወደ ኋላ እየቀረ ዜማውን ያሰናክልባቸዋል። ስለዚህ የሚያዘገየው ነገር ራሱ መገኘት ነበረበት።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ፤ ሲራክ «ያ ነገርሽ» ያለው ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ አንድ ሥራ የት እንደዘገየና ማን እንዳዘገየው እግር በእግር ተከትሎ ይመዘግባል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ያሻሽሉታል፤ ኢሕሳንም አንዷ ናት። አንድ ጉድለት አይታበታለች። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ ያሸልባል፤ መሣሪያው ግን ሰዓት መያዝ የሚጀምረው ፕሮሰሰሩ ከነቃ በኋላ ነው። ለመንቃት የፈጀው ጊዜ የትም አይጻፍም። ያንን ጊዜ የሚቆጥር አንድ ዓምድ ጨምራ ላከች። የመሣሪያው ኃላፊ፣ ፊቱን አይታው የማታውቅ ሰው፣ በትሕትና መለሰላት። በላክሽልን ልኬት ላይ ዓምዱ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፤ የማንን ችግር ነው የሚፈታው? አንድ እውነተኛ ማስረጃ ብታመጪ እናየዋለን።

ማስረጃ አልነበራትም። የነበራት ድምፁን የሚቆርጠው ይኸው ዘግይቶ መንቃት ነው የሚል ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬዋ ትክክል ካልሆነ ደግሞ የአባቷ ድምፅ ዛሬም ተቆራርጦ ሊቀር ነው።

«ሁለታችሁም» አሉ ሼሁ። ሁለቱም ዘወር አሉ። «ጉሮሮው የኔ ነው አይደል? አንዴ ነው የምለው። ድገሙ ብትሉኝ አልችልም። ከዚያ በፊት የምትጣሉትን ተጣልታችሁ ጨርሱ።»

«አባ፣ አይናገሩ እባክዎ» አለች ኢሕሳን።

«አብሽሪ። ሐኪሙ ጩኸት ነው እንጂ ወሬ መቼ ከለከለኝ።»

ኢሕሳን ወደ ሲራክ ዞረች። «እንግዲያው ባዶውን እንቅዳ። እሳቸው ዝም ብለው ይቀመጡ። ድቤውን ክፈት፣ ማይኩን ክፈት፣ በቀረጻ ሰዓት የምታደርገውን አንዱንም ሳታስቀር አድርግ። እኔ መሣሪያዬን አስነሳለሁ። ጠቅ ቢል የሚቆረጠው ዝምታ ነው።»

ሲራክ አሰበ። «ዝምታ እንኳ ይቆረጥ» አለ በመጨረሻ። «ዋናው ሲጀመር ግን ማሽኑን እንዳያከብድ ታጠፊዋለሽ።»

«አጠፋዋለሁ።»

«ወላሂ በይ።»

«አንተን ብሎ ወላሂ አስባይ። ወላሂ።»

ሼሁ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁለቱም ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም።

ሲራክ በሩን ዘጋ፤ ማራገቢያውንና ስልኩን አጠፋ። ከዚያ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ የላፕቶፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ሕንፃው መሬት የሚገባ ሽቦ ስለሌለው፣ ገመዱ ከተሰካ ማይኩ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀዳው በባትሪ ነው። ልማዱ ስለሆነ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ኢሕሳን ስክሪኑ ላይ አቀርቅራ ስለነበር ሲነቅል አላየችውም። ያየችው ዓምዷን ነው። ባዶ የነበረው ዓምድ መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ ትንንሽ ቁጥሮች መጡ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ፣ ተሳስቼ ነው የቆጠርኩት የሚያሰኝ። ወዲያው በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ጠቅ አለ።

«ምን አደረግክ?»

«ምን አደረግኩ?»

«አሁን፣ ቅድም፣ እጅህ ምን ነካ?»

«ገመዱን ነቀልኩ። ሁልጊዜ እነቅለዋለሁ። ምነው?»

ኢሕሳን ልኬቱ ረጅም ስለሆነ ባትሪ እንዳይዘጋባት ብላ ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፑን መርሳ ቤቷ ሰክታ ነበር የፈተነችው። መብራት መጥቶ በሚጠፋበት አገር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሲራክም ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ እስከ መጨረሻው እንዲቆጥብ አድርጎታል። እሷ የፈተነችው የነቃውን ማሽን ነው። የሚቀዳው ግን የሚያንቀላፋው ነበር።

«ይተኛል» አለች። «ገመዱ ሲነቀል ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። በአንዱ ቁራሽና በሌላው መካከል ይተኛና ቀጣዩ ሲመጣ ቶሎ አይነቃም።»

«ለሱብሒ ሶላት አልነሳ እንደሚል ጎረምሳ በሉኛ» አሉ ሼሁ።

«እንዳይተኛ ማዘዝ ይቻላል። ግን ባትሪውን ይበላዋል።»

ባትሪው አርጅቷል። ገመዱን መልሰው ሰኩና ኢሕሳን ትእዛዙን ስትጽፍ ትንሽ ሞላ። ከውጭ የመኪና ክላክስ ተሰማ። የሚኒባስ ሹፌር የሆነው ወንድሟ አቡበከር አባታቸውን ሊወስድ መጥቷል፤ ሳይመሽ ደሴ መግባት አለባቸው፤ እሷ በማለዳ ትከተላለች። ሲራክ ወጥቶ ክላክስ እንዳይነካ ለምኖት ተመለሰ። ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ገመዱ ተነቀለ። ኢሕሳን ቃሏን ጠብቃ መሣሪያዋን አጠፋች። ከእንግዲህ ማሽኑ ውስጥ የሚሆነውን የምታይበት መንገድ የላትም፤ የቀራት ጆሮዋ ነው።

ሼሁ ጀመሩ። ድምፃቸው ከቀድሞው ዝቅ ብሏል፣ ጫፍ ጫፉም ሻክሯል። ሁለተኛው ቤት ላይ ግን ተፈታ። ኢሕሳን የአባቷን መንዙማ አልሰማችም። የምትጠብቀው ያንን ጠቅታ ነበር። በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ቃሉ ደህና ሲያልፍ ትለቃለች። የነቢዩ ስም መጣ። ሙሉ ሆኖ አለፈ። እንደገና መጣ፤ አለፈ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ቀላ። ሲራክ ድቤው ሊያልቅ መቃረቡን በጣቱ አሳያት፤ አንገቷን ነቀነቀች። ባትሪው ይደርሳል።

ድቤው አለቀ። ሲራክ ሊያቆም እጁን ዘረጋ። ሼሁ ግን አላቆሙም። ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ዱዓ ጀመሩ።

መንዙማ በዱዓ እንደሚዘጋ ኢሕሳን ከልጅነቷ ታውቃለች። ባትሪውን ስታሰላ ግን ያሰላችው እስከ ድቤው መጨረሻ ነበር። ዱዓ ደግሞ አይቋረጥም። ጎንበስ ብላ ገመዱን አነሳች። ብትሰካው የቀፎው ጩኸት ዱዓው ላይ ይወድቃል፤ ባትሰካው ማሽኑ የተቀዳውን ሁሉ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። አባቷ ቀስ ብለው ለሐብሩ ዝናብ ለመኑ፤ ለታመመ ለመኑ፤ መንገድ ላይ ላለ ለመኑ፤ ሲራክን በስሙ ጠርተው ለመኑለት። ሲራክ መጣና ገመዱን ከእጇ ወሰደ። ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ኢሕሳን መዳፎቿን ዘረጋች፤ አሚን ያለችው በከንፈሯ ብቻ ነው፣ ድምፅ ብታወጣ ይቀዳል።

ሼሁ ዱዓውን ዘግተው ፊታቸውን ዳበሱ። ሲራክ ቀረጻውን አቁሞ አስቀመጠ፣ ገመዱንም ሰካ። ማሽኑ አልጠፋም።

ወዲያው ከፍተው አዳመጡት፤ አንድም ቦታ አልጎደለም። ማመን አቃታቸውና ሲራክ ሞገዱን አስፍቶ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

«ያንን የባዶውን ልኬት አስቀምጠሽዋል?» አለ።

«አስቀምጬዋለሁ።»

«ላኪለታ ለሰውዬው። ገመዱ ሲነቀል ዓምዱ ሞላ በይው።»

«መጀመሪያ የተሰካውንና የተነቀለውን ጎን ለጎን ማድረግ አለብኝ። እንዲህ ከላክሁት ሌላ ምክንያት ይፈልግለታል።»

«አንቺ ደግሞ። ቅድም ልቤን አወለቅሽ፣ አሁን ቀስ በል ትያለሽ።»

«እስቲ ወንበሩን ጠጋ አድርገው።»

ሁለቱ ስክሪኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሼህ ጀብሪል ተነሥተው ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ጥቂት ቆመው የልጃቸውን ጀርባ አዩ።

«ዱዓው ጋ አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ» አለች ኢሕሳን ሳትዞር። «ከመጀመሪያው ክፈተው፣ ድምፁን ጨምር።»

ሲራክ ጨመረ። ድቤው ክፍሉን ሞላው፤ የሼሁ ድምፅ ተከተለ። ሼሁ ሁለቱም ሳያዩዋቸው በሩን ከፍተው ወጡና ቀስ ብለው መልሰው ገጠሙት። አቡበከር ጋቢናውን ከፍቶላቸው ገቡ። ሚኒባሱ ከባጃጆቹ መሀል ወጥቶ በደሴው መንገድ ወደ ሲሪንቃ ታጠፈ።